ዊልያም ስፕራትሊንግ፤ በብር ጌጥ ጀርባ የቀረ ስም

ያገለገለ የሜክሲኮ ብር ጌጥ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ፊቱን አይቶ ይደነቃል፡፡ ዋናው ነገር ያለው ግን ጀርባው ላይ ነው፡፡ ገልበጥ ሲያደርጉት ትናንሽ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ አንዳንዴም የንስር ምስል ተመትቶበት ይገኛል፡፡ እነዚህን ምልክቶች ለማንበብ የፈለገ ሁሉ ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጋር መተዋወቁ አይቀርም፡፡ ሰውየው ሜክሲኳዊ አልነበረም፡፡ በሙያውም አንጥረኛ አልነበረም፡፡ ሆኖም የሜክሲኮ ብር አባት እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል፡፡ ስሙ ዊልያም ስፕራትሊንግ ይባላል፡፡

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት አለኝ፡፡ የብር ጌጥ ነገር ስለምወድ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዙትን አምባር ወይም መርፌው የወለቀ የደረት ጌጥ እያመጡ ላሠራው ወይስ ልተወው እያሉ ይጠይቁኛል፡፡ የመልሱ እኩሌታ የሚገኘው ከአንጥረኛ ዘንድ ነው፤ እኩሌታው ግን ከዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፡፡)

ስፕራትሊንግ የተወለደው በ1900 በኒውዮርክ ግዛት ሶንዬ በምትባል ሥፍራ ነው፡፡ አባቱ በሚጥል በሽታ ሕክምና ስም ያተረፉ ሐኪም ነበሩ፡፡ እናቱን ገና በልጅነቱ በሞት በማጣቱ ያደገው በስተደቡብ፣ በአላባማ ግዛት በአባቱ ዘመዶች ዘንድ ነው፡፡ በኦበርን የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተማረ፤ እዚያው ጥቂት ካስተማረ በኋላም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ መምህር ሆነ፡፡

ኒው ኦርሊንስ በዚያ ዘመን የደራስያንና የሠዓልያን መናኸሪያ ነበረች፡፡ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ዊልያም ፎክነር ያኔ ገና ስም ያላወጣ ወጣት ነበር፤ ከስፕራትሊንግ ጋር በአንድ ቤት ኖሯል፡፡ በ1925 ሁለቱ በጭነት መርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ተጓዙ፡፡ በ1926 ደግሞ የከተማዋን የጥበብ ሰዎች በቀልድ የሚያሳይ አነስተኛ መጽሐፍ በጋራ አሳተሙ፤ ሥዕሎቹን የሣላቸው ስፕራትሊንግ ነው፡፡ እጁ ለመሥመር የተፈጠረ ሰው ነበር፡፡ ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ ላይ በብሩ ላይ የምናየው ይህንኑ የሠዓሊና የሥነ ሕንፃ ባለሙያ እጅ ነውና፡፡

በዚሁ በ1926 ክረምት ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ፡፡ ለተከታታይ ክረምቶች በሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ሕንፃዎች ትምህርት ሰጠ፡፡ ሀገሪቱ ከረጅም አብዮት የወጣችበት፣ ሠዓልያኑም የጥንት ሕዝቦቿን ጥበብ እንደ አዲስ የሚያዩበት ጊዜ ነበር፡፡ ከታላቁ ሠዓሊ ከዲዬጎ ሪቬራ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፡፡ በወቅቱ በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ድዋይት ሞሮው፣ ሪቬራ በኩዌርናቫካ ከተማ በኮርቴስ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ እንዲሥል ገንዘብ ሲያወጡ፣ ነገሩን በመሀል ሆኖ ያገናኘው ስፕራትሊንግ ነበር፡፡ ለዚህ ድካሙ ባገኘው ገንዘብ ታስኮ በምትባል የተራራ ከተማ ቤት ገዛ፡፡ በ1929 መምህርነቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ እዚያው ከተመ፡፡

ታስኮ ማለት በጌሬሮ ግዛት በተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች፣ ነጫጭ ግድግዳና ቀያይ ጣሪያ ያላት ከተማ ናት፡፡ ስፓኛውያን ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምረው ብር ቆፍረውባታል፡፡ በ1750ዎቹ በማዕድኑ የከበረው ሆሴ ደ ላ ቦርዳ ያሠራው የሳንታ ፕሪስካ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ከሩቅ ይታያል፡፡ የሚያስገርመው ግን ብሩ በብዛት ይወጣ የነበረው ወደ ውጭ ለመሄድ ነው፡፡ ከተማዋ ለዘመናት ብር ስታስቆፍር ኖራ ስሟን የሚያስጠራ የብር ሥራ አልነበራትም፡፡ ይህንን ጉድለት ለስፕራትሊንግ ያነሡለት አምባሳደር ሞሮው እንደነበሩ ይነገራል፡፡

ስፕራትሊንግ መጀመሪያ በጽሑፍ ለመተዳደር አስቦ ነበር፡፡ ስለ ታስኮና ስለ አካባቢዋ ሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ ሪቬራ መቅድም ጽፎለት በ1932 ታትሟል፡፡ የዓለም ኢኮኖሚ በወደቀበት በዚያ ዘመን ግን ብዕር እንጀራ አልሆነውም፡፡ በ1931 ከታስኮ ብዙም ከማትርቀው ከኢጓላ ከተማ አርቴሚዮ ናቫሬቴ የተባለ ወርቅ ሠሪ አምጥቶ አነስተኛ አውደ ጥናት ከፈተ፡፡ ስሙንም በመንገዱ ስም ላስ ዴሊስያስ አለው፡፡ ንድፉን ስፕራትሊንግ በወረቀት ይሥላል፤ ናቫሬቴና ሥር ሥሩ የሚማሩት የከተማዋ ልጆች ብሩን ያቀልጣሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፣ ይበይዳሉ፡፡ ከብሩ ሌላ የቆርቆሮ ዕቃ፣ የቤት ዕቃና ሽመናም ይሠራ ነበር፡፡

ያኔ ለቱሪስት ይሸጥ የነበረው ጌጥ በአመዛኙ የአውሮፓን ሥራ የሚቀዳ፣ ቀጭንና ውስብስብ ነበር፡፡ ስፕራትሊንግ በተቃራኒው ሄደ፡፡ ከስፓኛውያን መምጣት በፊት የነበሩ ሕዝቦች በድንጋይና በሸክላ ላይ ከተዉት ቅርጽ እባቡን፣ ነብሩን፣ እጁን፣ ጥምዝምዙን ወሰደ፡፡ ብሩን ወፍራምና ከባድ አደረገው፡፡ አሜቲስት፣ ቱርኩዋዝ፣ ኦብሲድያን የሚባለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ የኤሊ ድንጋይና ጽጌረዳ እንጨት የሚሉትን ጠንካራ እንጨት ከብር ጋር አጋባ፡፡ በ1927 የተከፈተው የሜክሲኮ ሲቲና የአካፑልኮ መንገድ በታስኮ የሚያልፍ በመሆኑ መንገደኛው ገዥ ሆነለት፡፡

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ብሩ ራሱ ይነግረናል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕቃዎቹ ላይ የሚመታው የስሙ ሁለት የመጀመሪያ የላቲን ፊደላት፣ ደብልዩና ኤስ፣ ተጣምረው ነበር፡፡ ቆይቶ ሙሉ የቤተሰብ ስሙና በሜክሲኮ የተሠራ የሚል ቃል ሁለቱን ፊደላት በክብ የሚዞር ማኅተም መጣ፡፡ በዚህ ዘመን ከሠራቸው ብዙዎቹ ላይ 980 የሚል ቁጥር ይገኛል፡፡ ትርጉሙ ከአንድ ሺሕ እጅ 980ው ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፡፡ በመላው ዓለም የተለመደው ስተርሊንግ 925 ነው፤ የቀረው 75 እጅ በብዛት መዳብ ነው፡፡ የ980 ብር ከስተርሊንግ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል፣ ቶሎም ይጣመማል፡፡ አሮጌ የስፕራትሊንግ ዕቃ ላይ የምናየው መጎበጥና መጫር ከዚህ ባሕርዩም ይመጣል፡፡

ከዚያ አውደ ጥናት የወጡት ልጆች አንድ በአንድ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፡፡ በ1939 የካስቲዮ ወንድማማቾች ወጡ፡፡ በዚያው ዓመት የስፕራትሊንግን ሱቅ ያስተዳድር የነበረው ኤክቶር አጊላር ታዬር ቦርዳ የተባለውን ቤት መሠረተ፤ በ940 ብር በመሥራትም ይታወቃል፡፡ በ1941 አንቶኒዮ ፒኔዳ ተከተለ፤ የሱ ማኅተም ለብዙ ጊዜ ዘውድ ነበር፣ ብዙ ሥራዎቹም 970 ናቸው፡፡ የአንቶኒዮ ካስቲዮ ሚስት የነበረችው አሜሪካዊቷ ማርጎት ደግሞ በ1948 ገደማ ለብቻዋ ወጥታ በብር ላይ ባለቀለም ኤናሜል በመሥራት ስም አገኘች፡፡ አንድ ተማሪ ሲወጣ የሚከፋ ጌታ ብዙ ነው፡፡ የታስኮ ታሪክ የሚያሳየው ግን ከተማዋ የብር ከተማ የሆነችው ልጆቹ ስለወጡ መሆኑን ነው፡፡

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአውሮፓ ጌጥ ወደ አሜሪካ መግባቱ ተቋረጠ፡፡ ትላልቆቹ የአሜሪካ መደብሮች ፊታቸውን ወደ ታስኮ አዞሩ፤ የስፕራትሊንግ ሠራተኞችም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፡፡ ሥራው ሲሰፋ ወደ አክሲዮን ማኅበር ተለወጠ፣ የውጭ ባለገንዘብም ገባበት፡፡ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል የአክሲዮኑ ብልጫ ከእጁ ወጣ፡፡ በ1945 በገዛ ስሙ ከሚጠራው ድርጅት ወጣ፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ፡፡ ሰው ያሳደገው ስም ከሱ ተለይቶ ሲሸጥ ማየት መራር ነገር ነው፡፡ ለእኛ ለአሮጌ ብር ፈላጊዎችም ትርጉም አለው፤ ስፕራትሊንግ የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቤትና በአንድ ቁጥጥር ሥር አልተሠራምና፡፡

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፡፡ ከታስኮ ዝቅ ብላ በምትገኘው ታስኮ ኤል ቪዬሆ በነበረው የእርሻ ቦታው ጥቂት አንጥረኞች ይዞ እንደገና ጀመረ፡፡ በዚህ መሀል የአላስካ ገዥ የነበሩት ኤርነስት ግሩኒንግ የአላስካ ተወላጆችም እንደ ታስኮ በራሳቸው ጥበብ እንዲተዳደሩ እንዲያግዝ ጠየቁት፡፡ ወደዚያ ሄደ፣ ጥቂት የአላስካ ወጣቶችም እርሻው ድረስ መጥተው ተማሩ፤ እሱም ብዙ ናሙና ሠራ፡፡ ዕቅዱ በገንዘብ እጦት ሳይገፋ ቢቀርም ለስፕራትሊንግ ንድፍ አዲስ መንፈስ አመጣ፡፡ ከዚያ በኋላ የሠራቸው ጌጦች ቀለል ያሉ፣ መሥመራቸው የሚፈስስ ናቸው፡፡ የፊደል ማኅተሙም በእጅ ጽሑፍ መልክ የተያያዘ ሆነ፡፡

በ1948 ግድም የሜክሲኮ መንግሥት በብር ላይ የንስር ማኅተም እንዲመታ አደረገ፤ በንስሩ ደረት ላይ ያለው ቁጥር አውደ ጥናቱን ወይም ከተማውን ያመለክታል፡፡ ይህ አሠራር እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ቆይቶ በፊደልና ቁጥር ተተካ፡፡ የመጀመሪያው ፊደል ከተማውን፣ ለምሳሌ ቲ ታስኮን፣ ሁለተኛው የሠሪውን ስም፣ ቁጥሩ ደግሞ የተመዘገበበትን ተራ ያሳያል፡፡ እንግዲህ ንስር የሌለበትና ሜክሲኮ የሚል ያረጀ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከ1948 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ንስር ያለበት በሁለቱ ዘመናት መካከል ነው፤ ፊደልና ቁጥር ያለበት ከዚያ ወዲህ ነው፡፡ አልፓካ የሚል ከሆነ ደግሞ ብር አይደለም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፡፡

ስፕራትሊንግ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አውሮፕላን ያበር፣ በጀልባ ይቀዝፍ፣ የጥንት ቅርሶችን ይሰበስብ ነበር፡፡ በቬራክሩዝ ስለተገኙት ፈገግተኛ የሸክላ ምስሎች ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1960 በብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ታትሟል፡፡ በነሐሴ 1967 በታስኮ አቅራቢያ በደረሰ የመኪና አደጋ በ66 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ፡፡ የራሱን ሕይወት የተረከበት መጽሐፍም በዚያው ዓመት ወጣ፡፡ ዛሬ በታስኮ ከሳንታ ፕሪስካ ጀርባ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ፤ የሰበሰባቸው ጥንታዊ ቅርሶችም ይታዩበታል፡፡ ንግዱን ከሞቱ በኋላ የገዙት ሰዎች በእሱ ንድፍና በእሱ ስም መሥራት ቀጠሉ፡፡ ስለዚህ ስሙ ያለበት ዕቃ እሱ በሕይወት ሳለ የተሠራም፣ ከሞተ በኋላ የተሠራም ሊሆን ይችላል፡፡ ሁለቱም እውነተኛ ብር ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም፡፡ በዚህ ላይ ማኅተሙን አስመስለው የሚመቱ አጭበርባሪዎች አሉ፡፡ ማኅተም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ክብደቱ፣ የጠርዙ አጨራረስ፣ የመቆለፊያው ሥራና የማኅተሙ ዘመን እርስ በርስ መስማማት አለባቸው፡፡

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ፡፡ ባለፈው ጊዜ አንዲት ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በጥቂት ዶላር የገዛችውን የደረት ጌጥ አሳየችኝ፡፡ መሀሉ ላይ አሜቲስት አለው፤ ጀርባው ላይ ክቡ የስፕራትሊንግ ማኅተምና 980 ተመትቶበታል፡፡ የጀርባው መርፌ ወልቋል፤ በቦታው ላይ አንድ ሰው በስታኞ፣ ማለትም በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ፣ የለጠፈው ግራጫ እብጠት አለ፡፡ አንድ ብር ገዥ በሚዛን መዝኖ ሊገዛት ዋጋ ሰጥቷታል፡፡ ሌላ ጠጋኝ ደግሞ በእሳት በይዶ፣ አወልውሎ አዲስ እንደሚያደርግላት ነግሯታል፡፡ እሷ ሁለት ሥራ እየሠራች ልጅ የምታስተምር ሴት ስለሆነች ገንዘቡ ቀላል ነገር አልነበረም፡፡

የመከርኳት ይህንን ነው፡፡ በመጀመሪያ በሚዛን አትሽጪው አልኳት፡፡ ሚዛን የሚያውቀው ብረቱን ብቻ ነው፤ ንድፉንና ዘመኑን አይመዝንም፡፡ ሁለተኛ፣ ማኅተሙና አሠራሩ መስማማታቸውን የድሮ የሜክሲኮ ብር የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ሳያይ ማንም እሳት እንዳያስጠጋበት አልኳት፡፡ አሜቲስት በኃይለኛ ሙቀት ቀለሙን ያጣል፡፡ ቱርኩዋዝ ይለወጣል፣ ኦብሲድያን ይሰነጠቃል፣ እንጨትና የኤሊ ድንጋይ ይቃጠላሉ፣ ኤናሜል ይረግፋል፡፡ ከሁሉ የከፋው ስታኞው ነው፡፡ እርሳስ ያለበት ቅይጥ በደንብ ሳይነሣ ለብር ብየዳ በሚያስፈልገው ሙቀት ከተግለበለበ ብሩን ይበላዋል፤ ጉድጓድ ያወጣል፡፡ ስለዚህ ስታኞው አስቀድሞ በጥንቃቄ መነሣት አለበት፡፡ ድንጋዩ ሳይወጣ መሥራት የግድ ከሆነም ሙቀቱን በጠባብ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው የሌዘር ብየዳ ይሻላል፡፡

ሦስተኛ፣ አታስወልውዪው አልኳት፡፡ በቅርጾቹ ጎድጓዳ ላይ ያለው ጥቁረት ሁሉ እድፍ አይደለም፡፡ ንድፉ ጎልቶ እንዲታይ አንጥረኛው ሆን ብሎ ያጠቆረው ይኖራል፡፡ የማወልወያ ሞተር ይህን ጥቁረት ይወስደዋል፤ ጠርዙን ያደበዝዘዋል፤ ማኅተሙንም ይበላዋል፡፡ ማኅተሙ ከጠፋ የዕቃው የልደት ወረቀት ጠፋ ማለት ነው፡፡ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፡፡ ለመፈተን ተብሎ በአሲድ የሚደረገው ፍተሻም ቢሆን ዕቃውን በፋይል ሞርዶ ስለሆነ፣ ጠባሳው በማይታይበት ቦታ ካልሆነ ባይደረግ ይመረጣል፡፡

አራተኛ፣ የወለቀው መርፌ በእጇ ካለ እንዳትጥለው ነገርኳት፡፡ አዲስ መርፌ ቢገባለትም አሮጌው በፖስታ ታሽጎ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ፡፡ ጠጋኙ የሠራውን በወረቀት ይጻፍላት፡፡ ቀን የሚመጣ ገዥም ሆነ ልጅ የልጅ ልጇ የትኛው የፊተኛ፣ የትኛው የኋለኛ እንደሆነ ይወቅ፡፡

ሁሉም ዕቃ ይህን ያህል ጭንቀት አይፈልግም፡፡ ስተርሊንግ ብቻ የሚል፣ ሠሪው የማይታወቅ፣ ድንጋይ የሌለው አምባር መቆለፊያው ቢሰበር ጎበዝ አንጥረኛ ይሥራውና ይደረግ፤ ጌጥ የተሠራው ሊደረግ ነው፡፡ አልፓካ ከሆነ የጥገናው ዋጋ ከዕቃው ይበልጥ ይሆናል፤ የእናት ማስታወሻ ካልሆነ በቀር ባለበት ቢተው ይሻላል፡፡ የኤሊ ድንጋይ ያለበት ዕቃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፡፡ ይህ ዓይነቱ የባሕር ኤሊ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ድንበር አሻግሮ ለመሸጥ ከማሰብ በፊት ሕጉን መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስፕራትሊንግ ሥራ ሲሆን ግን ጥገናው ማስዋብ አይደለም፤ ዕቃው የበለጠ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው፡፡

ወዳጄ ስታኞውን አስነሥታ፣ ድንጋዩን ሳታስነካ መርፌውን በሌዘር አስበየደች፡፡ አልሸጠችውም፤ በበዓል ቀን በነጠላዋ ላይ ታደርገዋለች፡፡ ብሩ ከጫፉ ትንሽ እንደተጫረ ነው፡፡ እኔም እንደዚያው ይቆይ ባይ ነኝ፡፡

ምክንያቴ እንዲህ ነው፡፡ በጀርባው ያለው ስም የስፕራትሊንግ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው የመዶሻ ምት ግን የናቫሬቴ ወይም የአንድ ስሙን የማናውቀው የታስኮ ልጅ ነው፡፡ ስፕራትሊንግ በሕይወቱ ድርጅቱን፣ አክሲዮኑንና ለጊዜው ስሙን ሳይቀር አጥቷል፡፡ ያልጠፋው ያስተማራቸው ሰዎች እጅ ነው፡፡ እነዚያ ልጆች ፊርማ አልነበራቸውም፤ ፊርማቸው ያ የመዶሻ ምት ብቻ ነው፡፡ ጥሩ ጥገና ሁለቱንም ፊርማ ያስቀራል፤ መጥፎ ጥገና ዕቃውን እያብረቀረቀ ሁለቱንም ይፍቃቸዋል፡፡ ያገለገለ የሜክሲኮ ብር እጃችሁ ከገባ ከጠጋኙ በፊት ጀርባውን አንብቡ፡፡